ባኩ፣ ዋጃ እና «አይታወቅም»

የ2019 ዓ.ም. ደመራ የሚውለው ቅዳሜ ነው። ይህን መንገሬ ደመራውን እንዳትረሱት ብዬ አይደለም። በዚያው ቀን፣ በዚያው ከሰዓት በኋላ፣ ከወዲሁ ቀን የሚያስቆጥረኝ ሌላ ጉዳይ ስላለ ነው። የባኩ ፎርሙላ ዋን!

«እንዴ! ቅዳሜ?» የምትሉ የውድድሩ ወዳጆች ካላችሁ ልክ ናችሁ፤ ዋናው ሩጫ የእሁድ ነገር ነው። ነገር ግን ማግስቱ፣ በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 27፣ አዘርባጃኖች እ.ኤ.አ. በ2020 በተጀመረው ጦርነት የሞቱባቸውን የሚያስቡበት ቀን ነው። ስለዚህ የ2026ቱ ሩጫ በአንድ ቀን ቀደም ብሎ ቅዳሜ እንዲሆን ቀን ተቆረጠለት። እኛ ደመራ ስንደምር እነሱ ጎማ ይቀይራሉ፤ እኛ መስቀል ስናከብር እነሱ ሙታናቸውን ያስባሉ።

ሌላም አለላችሁ። ፊፋ የሴፕቴምበሩንና የኦክቶበሩን የብሔራዊ ቡድን እረፍት ከ2026 ጀምሮ አንድ ላይ ስላጣመረው፣ በዚያ ቅዳሜ ፕሪሚየር ሊግ የለም። ይህ ለእናንተ ምንም ላይመስላችሁ ይችላል። ዲኤስቲቪ ቤት ገብቶ «እባካችሁ የመኪናውን ክፈቱልኝ» ብሎ ለሚያውቅ ሰው ግን ትልቅ የምሥራች ነው። አርሰናል እየተጫወተ መኪና ክፈቱልኝ ማለት ምን ማለት እንደሆነ የሞከረ ያውቀዋል። እኔ ሞክሬያለሁ፤ ያውም ሴት ሆኜ፣ ያውም ዋጃ!

ባኩን ለማታውቋት ባጭሩ። ከካስፒያን ባሕር ዳር ያለች ከተማ ናት፤ ነፋሷ አያርፍም። ውድድሩ የሚካሄደው ለእሱ ተብሎ በተሠራ ሜዳ ሳይሆን ሰው በሚመላለስበት የከተማ መንገድ ላይ ነው። አንዱ ዙር 6 ኪሎ ሜትር ከ3 ሜትር ነው፤ 20 መታጠፊያ አለው፤ 51 ጊዜ ይዞራል። ከዚህ ውስጥ ወደ 2.2 ኪሎ ሜትር የሚጠጋው በባሕሩ ዳር ነዳጅ ሙሉ በሙሉ የሚረገጥበት ቀጥታ መንገድ ነው። ከዚያ በኋላ ግን ጉዱ ይመጣል። መንገዱ ወደ አሮጌው ከተማ ዞሮ፣ በ12ኛው ክፍለ ዘመን የታነጸውን ግንብ ተጠግቶ ሽቅብ ይወጣል፤ እዚያ ጋ ስፋቱ 7.6 ሜትር ብቻ ነው። በአሮጌው ከተማ ዙሪያ ያለው መንገድ ኮብልስቶን ስለሆነ (የኛ ተመራቂዎች ያነጠፉት እንዳይመስላችሁ) ለውድድሩ አስፋልት ያለብሱትና ሲያልቅ ይገፉታል።

7.6 ሜትር ስንት ነው? ዋጃ ያደገ ሰው ይህን ለመገመት አይቸገርም። ከአንድ ተራ ባለሁለት መስመር አስፋልት ብዙም አይሰፋም። የእኛ ከተማ ከቆቦ ወደ አላማጣ ስትሄዱ አስፋልቱ መሐል ለመሐል የሚያልፍባት ከተማ ናት። አስፋልቱ መንገድም ነው፣ ገበያም ነው፣ መናኸሪያም ነው። በገበያ ቀን አንድ ግመል ጭነቱን እንደያዘ በሰያፍ ይቆማል። ከኋላው ማሽላ የጫነ ጋሪ፣ ከጋሪው ጎን ባጃጅ፣ ከባጃጁ ጀርባ ክላክሱን የማይለቅ ቅጥቅጥ፣ ከሁሉም ኋላ ደግሞ አይሱዙ። አይሱዙን «አልቃይዳ» ብለን የሰየምን ሕዝብ ነን፤ እና ስለ ጠባብ መንገድና ስለ ፈጣን መኪና ማንም ፈረንጅ ባያስተምረን ደስ ይለኛል።

ታዲያ ባኩ የማይገመተው ስለጠበበ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ጠባብ መንገድ ብቻውን እንዲያውም ያስተኛል። ሞናኮን ተመልከቱ። 3.337 ኪሎ ሜትር የሆነች ጠባብ ዙር 78 ጊዜ ይዞራሉ፤ ስሟ ከሁሉም የገነነ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 ሻርል ሌክሌር በትውልድ ከተማው ሲያሸንፍ ግን የመጀመሪያዎቹ አሥር መኪኖች የጨረሱት ልክ በተሰለፉበት ቅደም ተከተል ነው። የሠርግ አጀብ እንኳ ከዚያ የተሻለ ይቀዳደማል! በ2025 «ሦስት ገጠማ ጎማ መጠቀም ግዴታ ነው» የሚል ሕግ አወጡ፤ አሸናፊው ያው ከፊት የተነሣው ላንዶ ኖሪስ ሆነ። ሞናኮን ሞናኮ የሚያደርጋት ዝናብ ነው። በ1996 ዝናብ ጥሎ፣ ከ14ኛ የተነሣው ኦሊቪየ ፓኒስ አሸንፎ፣ የመጨረሻውን ባንዲራ በሩጫ ላይ ሆነው ያዩት 3 መኪኖች ብቻ ነበሩ። ፓኒስ ከዚያ በፊትም ሆነ በኋላ አላሸነፈም።

ባኩ ግን ዝናብ አያስፈልጋትም። ሁለት የማይታረቁ መንገዶችን በአንድ ዙር ያጋባች ናት። በቀጥታው መንገድ ለመብረር የመኪናው ክንፍ መሳሳት አለበት፤ ነፋስ እንዳይዘው። በግንቡ ሥር ለመታጠፍ ደግሞ ክንፉ መወፈር አለበት፤ ነፋሱ መኪናውን ወደ መሬት እንዲጫነው። እስከ 2025 ድረስ ሁለቱን ባንድ ላይ ማግኘት አይቻልም ነበር። ስለዚህ እያንዳንዱ ቡድን ከአንዱ ትንሽ ሰርቆ ለሌላው ይሰጥ ነበር፤ ማን በልኩ እንደሰረቀ የሚታወቀው ሩጫው ላይ ነው። በዚያ ላይ በረጅሙ ቀጥታ ጎማውም ፍሬኑም ይቀዘቅዛል። ከዚያ ከ300 በላይ እየበረርክ መጥተህ «አሁን በ90 ዲግሪ ታጠፍ» ትባላለህ። ከሳትክ የሚቀበልህ ሣር የለም፤ ግድግዳ ነው። መኪናው ሲጋጭ ጎትቶ ማስወጫ ቦታ ስለማይኖር ሴፍቲ ካር ይወጣል፤ ያኔ ሃያ ሰከንድ ያጠራቀመው መሪ ሀብቱን ሁሉ ያጣና ሁሉም እንደገና ጭራ ለጭራ ይሰለፋሉ። የሀብት ክፍፍል በሉት!

ውጤቱን ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በ2016 ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሮጥ ሁሉም «ጉድ ይፈላል» ብሎ ጠበቀ፤ ኒኮ ሮዝበርግ ከፊት ተነሥቶ ሰላም በሰላም አሸነፈ። (ይኼም የማይገመትነቱ አካል ነው፤ ትርምስ ሲጠበቅ ትርምሱ ቀረ።) በ2017 ፌትል በሴፍቲ ካር ጊዜ ሃሚልተንን በጎን ገጨው። መሪ የነበረው ሃሚልተን ደግሞ የራስ መደገፊያው ስለላላ ብቻ ቆሞ ማስጠገን ነበረበት። ከ10ኛ ተነሥቶ ፍሬኑ ውስጥ የገባ ስብርባሪ ለማስወጣት ገና በጠዋቱ የቆመው ዳንኤል ሪካርዶ አሸነፈ። የ18 ዓመቱ ላንስ ስትሮል ሦስተኛ ወጣ። በ2018 የአንድ ቡድን ሁለት ልጆች እርስ በርስ ተላተሙ። ሮማን ግሮዣን በሴፍቲ ካር ሥር፣ ማንም ሳይነካው፣ ጎማ ሊያሞቅ ሲል ግድግዳ ገባ። ቦታስ 3 ዙር ሲቀረው እየመራ ስብርባሪ ረግጦ ጎማው ፈነዳ። በ2025 ደግሞ የማጣሪያው ዙር ብቻውን 6 ጊዜ በቀይ ባንዲራ ተቋረጠ! የሻምፒዮናው መሪ ኦስካር ፒያስትሪ በማግስቱ ሳይፈቀድለት ተነሣ፣ ቆመ፣ ከዚያ በመጀመሪያው ዙር ግድግዳ ላይ ቀረ። ቨርስታፐን ግን በዚያ ሁሉ መሐል ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ዙር ማንም ሳይነካው መርቶ ጨረሰ። እስከዚያ ዓመት 9 ሩጫ፣ 7 የተለያየ አሸናፊ፤ ሁለት ዓመት በተከታታይ ያሸነፈ አንድም የለም።

እኔ የማዝነው ለሌክሌር ነው። በ2021፣ በ2022፣ በ2023 እና በ2024፣ አራት ዓመት በተከታታይ፣ በማጣሪያው ከሁሉም ፈጥኖ ከፊት ተሰልፏል። አራቱንም አላሸነፈም። አንዴ አራተኛ፣ አንዴ እየመራ ሞተሩ ጭሶ፣ አንዴ ሦስተኛ፣ አንዴ ሁለተኛ። ከተማዋን ከእሱ የበለጠ የሚያውቃት የለም፤ ከተማዋ ግን አታውቀውም። እንዲህ ያለ ፍቅር የያዘው ሰው በየሰፈሩ አለ መቼም።

ወደ አጎቴ ልምጣ።

አጎቴ ከሠላሳ ዓመት በላይ መሪ ይዘዋል። በኤንትሬ ጀምረው በአይሱዙ ጨርሰዋል፤ ደሴ፣ ወልዲያ፣ ቆቦ፣ አላማጣ፣ ከዚያ ግራካሱን ወጥተው ኮረም፣ ማይጨው። ግራካሱን ያላየ ሰው ከታች ቆሞ ቀና ቢል፣ መኪኖቹ ከራሱ በላይ በተራራው ላይ እየተጠማዘዙ ሲወጡ ያያል። እዚያ ቁልቁለት ላይ ፍሬን የሚክደው ሲግል ነው። ብዙ ከተረገጠ ይግላል፣ ከጋለ አይዝም። ሾፌር ማርሽ ቀንሶ በሞተር ኃይል የሚወርደው ለዚህ ነው። የፎርሙላ ዋን ፍሬን የካርቦን ስለሆነ ካልጋለ አይዝም ስላቸው አጎቴ ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው አዩኝና «ታዲያ እነሱ የሚሞቱት በብርድ፣ እኛ የምንሞተው በሙቀት ነዋ» አሉ።

አጎቴ በግጭት አይስቁም። መኪና ግድግዳ ሲገባ ዲኤስቲቪ ቤቱ ሙሉ «ኦኦኦ!» ብሎ ሲነሣ እሳቸው ተቀምጠው አንድ ነገር ብቻ ይጠይቃሉ፦ «ሰውየው ወጣ?» ከብዙ ዓመት በፊት በአንድ ቁልቁለት ላይ ረዳታቸውን አጥተዋል። ታሪኩን ነግረውኝ አያውቁም፤ እናቴ ናት የነገረችኝ። ስለዚህ መልሱን እስክሰጣቸው ድረስ ዓይናቸውን ከስክሪኑ አያነሡም። «ወጥቷል አጎቴ፣ ይኸው እጁን አውለበለበ» ስላቸው ነው ሻያቸውን የሚያነሡት። አንድ ቀን ያንኑ ግሮዣንን አሳየኋቸው። በ2020 ባህሬን ላይ መኪናው ለሁለት ተቆርጦ ወደ 28 ሰከንድ ያህል እሳት ውስጥ ቆይቶ በእግሩ የወጣበትን። ከራሱ በላይ ያለውን፣ ሄሎ የሚባለውን ቅስት ብረት እያሳየሁ፣ ከ2018 ጀምሮ ግዴታ መሆኑን ነገርኳቸው። «ይቺን ብረት ለእኛም ቢያደርጉልን» አሉ፤ እንደ ቀልድ።

አብረን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየነው ባኩ የግንቦት 29 ቀን 2013ቱ ነው። ለእረፍት ሄጄ ነበር። አምስት ዙር ሲቀር ቨርስታፐን ብቻውን እየመራ፣ በዚያ ረጅም ቀጥታ ላይ ሲበር፣ ምንም ሳይነካው የኋላ ጎማው ፈነዳ። መኪናው ግድግዳ ልሶ ተሽከረከረ። አጎቴ ያንኑ ጠየቁ። ልጁ ወጥቶ ጎማውን በርግጫ ሲመታው ሲያዩ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ። «ይኼ የኔ ዓይነት ሾፌር ነው» አሉ። ሩጫው ቆመ፤ ለሁለት ዙር እንደገና ሲነሣ ሃሚልተን ከፊት ለመውጣት ሲሞክር ሳያስበው አንድ ማዞሪያ ነክቶ የፍሬኑ ሚዛን ተቀየረበትና መታጠፊያውን ቀጥ ብሎ አለፈው፤ 15ኛ። ፔሬዝ አሸነፈ። አጎቴ ወጥተው መንገድ ላይ ለሚያገኙት ሁሉ «ዛሬ ያየሁት ጨዋታ ማን እንደሚያሸንፍ ፈጣሪም አልወሰነም ነበር» ሲሉ አመሹ። ሐጂውም ቄሱም ተቆጧቸው ተባለ።

ሁለት ወር ሳይሞላ ጦርነቱ ራያን አለበሰው። እኔ አዲስ አበባ ነበርኩ። መንገዱ ተዘጋ፤ ስልኩም ጠፋ። ለወራት። ሰው «ቤተሰብ እንዴት ናቸው?» ሲለኝ የምመልሰው አንድ ቃል ብቻ ነበር፦ «አይታወቅም»። ቢሮ አይታወቅም፣ ታክሲ ውስጥ አይታወቅም፣ ለቅሶ ቤት አይታወቅም። በተለይ ማታ ማታ ስልኩን ደውዬ ያንን «የደወሉላቸው ደንበኛ…» የሚለውን የሴትዮዋን ድምፅ እስከ መጨረሻው እሰማት ነበር፤ ምናልባት ዛሬ ሌላ ነገር ትል እንደሆነ ብዬ።

መስመሩ ሲከፈት መጀመሪያ ያገኘሁት አጎቴን ነው። ደኅና ነን አሉ። ከዚያ የሞቱትን አንድ በአንድ፣ ስማቸውን እየጠሩ፣ ቀስ ብለው ነገሩኝ። አለቀስኩ፤ ዝም ብለው ጠበቁኝ። ቆይተው፣ ምን እንደሚሉኝ የጠፋቸው ይመስለኛል፣ «አንች፣ ያ ጎማው የፈነዳበት ልጅ ምን ሆነ?» አሉ።

«ሻምፒዮን ሆነ አጎቴ።»

«በል!» አሉ። «ጎማ ፈንድቶበት?»

ከዚያ ወዲህ ነው እኔና ባኩ በጽኑ የተያያዝነው። ሰዎች «ሰው ግድግዳ ሲገጭ ማየት ምን ደስ ይላል?» ይሉኛል። ደስ የሚለኝ ግጭቱ አይደለም፤ ሰውየው ካልወጣ እኔም ቴሌቪዥኑን አጠፋለሁ። የምጠብቀው ሌላ ነገር ነው። እኛ ዘንድ «አይታወቅም» የሚባለው በቁዘማ ነው። መንገዱ ይከፈት ይሆን? አይታወቅም። ጎርፉ ከደጋው ወርዶ ማሳውን ያጠጣው ይሆን ወይስ ይዞት ይሄድ? አይታወቅም። ባኩ ላይ ግን ያው ቃል በሳቅ ይባላል። ለሁለት ሰዓት ያህል እኔና አንድ ጡረተኛ ሾፌር «አይታወቅም!» እያልን እጃችንን እናሻሻለን። ለዚያ ሁለት ሰዓት ስል ዓመቱን ብጠብቅ ምን ይገርማል?

የ2026ቱ ደግሞ ከእስከ ዛሬውም የባሰ ነው። መኪኖቹ ተቀይረዋል። ስፋታቸው በ10 ሳንቲ ሜትር ቀንሶ 1.90 ሜትር ሆኗል፤ አጥረዋል፤ ቀለዋል። ከጉልበታቸው ግማሽ የሚጠጋው ከኤሌክትሪክ ነው፤ ባትሪውን የት አሟጥጦ የት እንደሚሞሉት ራሱ ስሌት ነው። ክንፋቸው በቀጥታ መንገድ ይከፈታል፣ በመታጠፊያ ይዘጋል። ማለት ከላይ የነገርኳችሁ የክንፍ ስርቆት በከፊል ታሪክ ሆነ። በዚያ ረጅም ቀጥታ መሐል ባትሪው ያለቀበት ሰው ምን ይውጠዋል? ከኋላው ያለው የሞላ ባትሪ ይዞ ቢመጣበትስ? ያለፈው ዓመት ደብተር ብዙም አይጠቅምም። ጓደኞቼ «ገምቺ» ይሉኛል። ሌክሌር ብያለሁ። በየዓመቱ የምለው ነው፤ እንደ ደመራ ነው። ምሰሶው ወዴት እንደሚወድቅ ሁሉም ቀድሞ ይናገራል፣ ከወደቀ በኋላ ደግሞ ሁሉም «ብዬ ነበር» ይላል።

ለመስቀል ዋጃ እሄድ እንደሆነ ገና አልቆረጥኩም። መንገዱን አይቼ ነው። ካልሆነም በስልክ እናየዋለን። ባኩ ከእኛ የምትቀድመው በአንድ ሰዓት ብቻ ስለሆነ ቀን በቀን ነው፤ ደመራው ከመለኮሱ በፊት ሁሉም ያበቃል። አጎቴ ዲኤስቲቪ ቤቱን ከአሁኑ አነጋግረው ጨርሰዋል። ባለቤቱ «መብራት ካለ» ብሏቸዋል።

ባለፈው ስንደዋወል «ለማን ነው ዘንድሮ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። እሳቸው ሌክሌርም ቨርስታፐንም አይደሉም። ከዕለታት አንድ ቀን ሴፍቲ ካሩን የሚነዳው በርንት ማይሌንደር የሚባል ጀርመናዊ እንደሆነና ይህንን ሥራ ከ2000 ጀምሮ እንደያዘ ከነገርኳቸው ወዲህ ሌላ ሰው አይታያቸውም። ስንት የዓለም ሻምፒዮን ከኋላው ተሰልፎ፣ አንድም ሰው ሊቀድመው አይፈቀድለትም!

«እሱ ሲወጣ ደውይልኝ» አሉኝ። «ሻይ ልጠጣ ወጥቼ ካመለጠኝ ትጠየቂበታለሽ።»